ለቧሂት የሚሆን መኪና

ሜካኒኩ ቁልፉን አልተቀበለም፤ ኮፈኑንም አላስከፈተም። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በደባርቅ የጥር ማለዳ ብርድ ውስጥ እንደቆመ ቀኝ እጁን ብቻ አወጣና መዳፉን በመኪናው ኮፈን ላይ አሳረፈ፤ ትኩሳት የያዘውን ልጅ ግንባር እንደሚዳብስ ሰው። ጥቂት ቆየና ወደ እኛ ዞረ።

“ይሄ መኪና ከእኛ በፊት ተነስቷል።”

ሻጩ ሰማው። “ሌሊቱ ብርድ ስለነበር ትንሽ ላሙቀው ብዬ ነው፣ ጋሼ።”

“ደግ አደረግህ። እንግዲህ ይደርና ነገ ሳይሞቅ እናየዋለን።”

በማግስቱ ስንደውል ስልኩ አልተነሳም። በሦስተኛውም ቀን አልተነሳም። ያ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩ ቆዳ የለበሰ ፕራዶ እስከ ዛሬ ምኑን እንደሚያመው አላወቅንም፤ የሚደብቀው ነገር እንዳለው ግን አወቅን።

የናፍታ ሞተር ካንዴላ የለውም። ነዳጁን የሚያቀጣጥለው ፒስተኑ አየሩን ጨምቆ በሚፈጥረው ግለት ነው። ፋሻው ያለቀ ሞተር አየሩን አጥብቆ መጭመቅ አይችልም፤ ስለዚህ በብርድ ማለዳ ሞተሪኖው እያቃሰተ ይዞራል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ እየተንቀጠቀጠ ይነሳል። ሩብ ሰዓት ከሠራ በኋላ ብረቱ ሙቀት ጠጥቶ ስለሚሰፋ ክፍተቱ ይጠብና ምንም እንዳልሆነ ያጉረመርማል። ደባርቅ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ በጥር ወር ጎሕ ሲቀድ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ የናፍታ ሞተር ጤናው የተረጋገጠ ነው። ሻጭ ከገዢ ቀድሞ ሞተር ሲያሞቅ ካገኛችሁት ሜካኒኩ እንዳደረገው አድርጉ፤ ሳትጣሉ፣ ሳትከራከሩ ቀጠሮ ለውጡ።

መኪናውን የሚገዛው የአክስቴ ልጅ ነው። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለዓመታት አስጎብኚ ሆኖ ሠርቷል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በተከታታይ የመጣው ጦርነትና የጸጥታ ችግር እንግዳውን ስላራቀው አሁን የሚኖረው ከዚህም ከዚያም እየሠራ ነው። ባለቤቱ በጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ በመካነ ብርሃን አዋላጅ ነርስ ናት። እሱ ደባርቅ፣ እሷ መካነ ብርሃን፤ በመካከላቸው የቧሂት ተራራ። ሁለቱ ያጠራቀሙት፣ ወንድሙ የጨመረለትና ከዕቁብ የወጣው ተደምሮ የያዘው ገንዘብ ለአንድ ቤተሰብ ትልቅ ነው፤ ለዛሬው የመኪና ገበያ ግን ትንሽ።

ወደ እኔ ሲመጣ የሚፈልገውን በስልኩ ላይ ጽፎ ነበር፦ የሚከፈት ጣራ፣ የኋላ ካሜራ፣ ሰፊ ቸርኬ፣ ነጭ ቀለም። ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ያረጀውን ያን ሜካኒክ ያስተዋወቅሁት ያኔ ነው። ሜካኒኩ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አዳመጠና ሦስት ነገር ጠየቀው። “የት ያድራል? በየት ይሄዳል? ሲሰበር ማን ይሠራልሃል?” ልጁ ለመጀመሪያው ብቻ መልስ ነበረው።

እኔ እንደማምነው የመኪና ምርጫ መጀመር ያለበት ከእነዚህ ከሁለቱ መልስ ካጡ ጥያቄዎች ነው። መኪናውን መንገዱ ይመርጠዋል፤ ከመንገዱ የተረፈውን ደግሞ ቅርብ ያለው ጋራዥ ይመርጠዋል። ለገዢው የሚቀረው ከእነዚህ ወንፊቶች ያለፉትን መርምሮ፣ ከመካከላቸው ወረቀቱ ንጹሕ የሆነውን መያዝ ነው። አብዛኛው ሰው ግን የሚጀምረው ከቀለሙ ነው፤ የአክስቴ ልጅም እንደዚያው።

መንገዱን ላስቀድም። ከጎንደር በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚደርሰው መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው። እስከዚህ ድረስ ማንኛውም የከተማ መኪና ይበቃል። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ ሲታጠፉ ግን ነገሩ ይለወጣል። ጠጠሩ ፓርኩን ሰንጥቆ በሳንቃበር በኩል 3,620 ሜትር ላይ ወዳለችው ጨነቅ ይዘልቃል፤ ጅባራ በቆመበት፣ ጭላዳ በሚግጥበት ሜዳ አልፎ በቧሂት ትከሻ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣና በማዶው ወደ ጃናሞራ ይወርዳል። ይህ መንገድ ብዙ ተነግሮበታል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ሲገባ፣ ከዋልያው መመናመን ጋር ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ በውስጡ የተቀደደው መንገድ ነበር፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ለዋልያው ሥጋት የሆነው መንገድ ለጃናሞራ እናቶች ሆስፒታል መድረሻ ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ በዚያ ጠጠር የሚያልፍ ሰው ሁለቱንም ቢያስብ እወዳለሁ።

እንግዲህ ከፍታው መኪናን ምን ያደርገዋል? ሞተር የሚሠራው በነዳጅ ብቻ አይደለም፤ አየርም ይበላል። ወደ ላይ በወጣን መጠን አየሩ ስለሚሳሳ፣ አየር በግድ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ቧሂት ትከሻ ላይ ሲደርስ ከጉልበቱ ከሦስት እጅ አንዱ በላይ ጠፍቷል። በወረቀት 130 የፈረስ ጉልበት የተባለ ሞተር እዚያ ላይ የሚሠራው እንደ ሰማንያ ፈረስ ነው። ናፍታው አየር አጥሮት ሙሉ በሙሉ ስለማይቃጠልም ጥቁር ጭስ ይለቃል። አዲስ አበባ ላይ “ይበራል” የተባለ መኪና ጨነቅ ዳገት ላይ ሰው አውርዶ የሚገፋው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ውሃ ነው። ጨነቅ ላይ የባቄላ ንፍሮ ቀቅሎ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ይፈላል እንጂ ቶሎ አይበስልም። ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ ቧሂት ላይ በ86 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሞተር ደግሞ የሚሠራው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ ነው፤ አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥርለት የመፍያው ልክ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ይላል። ጎማው የደረቀ ወይም ሞላው የላላ የራዲያተር ክዳን ቆላ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ዳገቱ ላይ ግን ሞተር ያስፈላል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ያቃጥላል። ሜካኒኩ የማንኛውንም መኪና ኮፈን ሲከፍት ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን አረጋግጦ በመጀመሪያ የሚፈታው ይህንን ክዳን ነበር። ጎማውን በጣቱ ይጫናል፣ ውስጡን ያያል። ውሃው ላይ የዘይት አይን ከተንሳፈፈ፣ ወይም በዘይት መሙያው ክዳን ስር ወተት የመሰለ አረፋ ከተገኘ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነውና ምርመራው እዚያው ያበቃል።

ሦስተኛው ቁልቁለቱ ነው፤ እርሱን ሊማሊሞ ስንደርስ አወራዋለሁ።

የገበያው ነገር ደግሞ አለ። ዕቃ ሲያረጅ መርከስ ነበረበት፤ እኛ ዘንድ መኪና ሲያረጅ ይወደዳል። ሰው ደላላውን ይረግማል፤ ምክንያቱ ግን ከደላላው በላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነበርና ተሳካለት። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከመቶ አለፈ፣ መለዋወጫውም ተከተለው። ስለዚህ ዛሬ አገር ውስጥ ያለው በነዳጅ የሚሠራ የመስክ መኪና እንደ ታጠረ ኩሬ ነው፤ ይቀዳል እንጂ አይጨመርበትም።

ከዚህ አንድ የሚጠቅም ነገር ይወጣል። የተመረተበት ዓመት ብዙ ትርጉም የለውም። እ.ኤ.አ. የ2000 ምርት ሆኖ በአንድ እጅ የተያዘ መኪና፣ የ2010 ሆኖ አምስት እጅ ከዞረው ይሻላል። ሻጮች ግን ዋጋ የሚጠሩት በዓመት ነው፤ እንግዲያው ገንዘቡ ትንሽ የሆነ ሰው ዕድሉ ያለው አሮጌ ሆነው በደንብ የተያዙት ውስጥ ነው።

ኤሌክትሪኩስ? ብሎ የሚጠይቅ አለ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይበላ ከፍታ አያደክመውም፤ ቁልቁለት ሲወርድም ፍሬኑ ባትሪ ይሞላል። ለቧሂት የተፈጠረ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ብርድ የባትሪን ጉዞ ያሳጥራል፣ ረጅም ዳገት ያሟጥጠዋል፣ መብራት የሚጠፋበት ከተማ ደግሞ ሳይሞላ ያሳድረዋል። በብዛት የገቡትም ለአስፋልት የተሠሩ ዝቅ ያሉ መኪኖች ናቸው። ጎንደር ተቀምጦ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ሰው ዛሬውኑ እንዲያስብበት እመክራለሁ፤ ለአክስቴ ልጅ ግን ገና ነው።

ታዲያ ለዚህ መንገድ የትኛው? የሰሜን ሰው ቢጠየቅ ሳያመነታ “ሃርድ ቶፕ” ይላል። ትክክል ነው። የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1984 ወጥቶ እስከ ዛሬ ይመረታል፤ በአገራችን በብዛት የምናየው ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦም ኮምፒውተርም የሌለው የናፍታ ሞተር ያለውን ነው። ጤና ቢሮው፣ ግብርናው፣ የእርዳታ ድርጅቱ፣ አምቡላንሱ ሁሉ እሱ ነው። ሞተሩን ማንኛውም ሜካኒክ በጨለማ ይፈታዋል። ጭስ ያበዛል፣ ዳገት ላይ ያዘግማል፤ ግን ይደርሳል። ችግሩ ዋጋው ነው። በጨረታ ሲወጣ ረከስ ብሎ የሚገኘውም አብዛኛውን ጊዜ ጉልበቱን ጨርሶ የወጣ ነው። ሻንሲው ተሰንጥቆ የተበየደ፣ ባሊስትራው የተነጠፈ፣ የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው የሌለው። ያ ቺንጋ በየመቶ ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት፤ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞ ይሄዳል። ጨረታ የሚገባ ሰው የመጀመሪያውን ወር የጥገና ወጪ ከጨረታው ዋጋ ጋር ደምሮ ይግባ።

ፕራዶ ይመቻል፣ ሻንሲ አለው፣ ዝቅተኛ ማርሽ አለው፣ ባለ ቱርቦው ከፍታ አይከብደውም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የመጣው ባለ 3 ሊትር የናፍታ ሞተሩ ግን ነዳጁን ከሺህ ባር በላይ በሆነ ግፊት እንደ ፀጉር በቀጠነ የኢንጀክተር ቀዳዳ የሚረጭ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ንጹሕ ናፍታ ይፈልጋል። ደባርቅ ላይ ደግሞ ማደያው ሲደርቅ ናፍታ የሚገኘው በጀሪካን ነው፤ ጀሪካኑ ውስጥ ትናንት ምን እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ አሸዋ፣ አራት ኢንጀክተር። እኔ የፕራዶን ጥራት አልነካም፤ የምለው በጀሪካን የሚኖር ሰው በጀሪካን መኖር የሚችል ሞተር ይያዝ ነው።

ራቭ ፎር በከተማው የሚወደደው በምክንያት ነው፤ ቀላል ነው፣ መለዋወጫው በየሱቁ ነው፣ ሲሸጡትም ገዢ አይጠፋም። ነገር ግን አካሉና ሻንሲው አንድ ወጥ ላሜራ ነው፣ ዝቅተኛ ማርሽም የለውም። በበጋ ሳንቃበር ደርሶ ይመለሳል። በክረምት ጭቃ ቧሂትን እንዲሻገር መጠየቅ ግፍ ነው።

ዝቅተኛው ማርሽ ለምን ይህን ያህል ይደጋገማል? ከፍታው ከሞተሩ የሚወስደውን ጉልበት የሚመልሰው እሱ ስለሆነ ነው። ትንሿ ማንሻ ወደ ዝቅተኛው ስትገባ ጎማው በግማሽ ፍጥነት፣ በእጥፍ ገደማ ጉልበት ይዞራል። ስለዚህ ሁለት ሊትር ቤንዚን ሞተር ያለው ዝቅተኛ ማርሽ ያለው መኪና፣ ቧሂት ላይ ትልቅ ሞተር ይዞ ዝቅተኛ ማርሽ የሌለውን ያስከነዳል። ይህንን ስንረዳ ነው ዐይናችን ወደ ሱዙኪ የዞረው። ጂምኒ ጠባብ ናት እንጂ ሻንሲም ዝቅተኛ ማርሽም አላት፤ ለአንድ ሰው እሷን አልነቅፍም። እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2005 የተሠራው የመጀመሪያው ግራንድ ቪታራ ደግሞ አምስት ሰው ይይዛል፣ ራሱን የቻለ ሻንሲ አለው፣ ባለ 2 ሊትሩ ቤንዚን ሞተር በቺንጋ ፈንታ በሰንሰለት ይሠራል። ከ2005 በኋላ የመጣው አካሉ ከሻንሲው ጋር የተዋሃደ ነው፤ ዝቅተኛ ማርሽ ያለውም የሌለውም ስላለ ማንሻውን ወይም ማዞሪያውን በዐይን ማየት ያስፈልጋል።

ይህን ሁሉ ተነጋግረንም የአክስቴ ልጅ ልቡ ራቭ ፎር ላይ ነበር። ስለዚህ ጎንደር ወረድን።

“የሴት መኪና ናት፤ ከቤት ወደ ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ቤት” አለን ደላላው። ብርማ፣ ንጹሕ፣ ኪሎ ሜትሯ ትንሽ። ሜካኒኩ ዙሪያዋን እየዞረ በጣቱ አንጓ ላሜራውን ያንኳኳል። በሁለት በር ላይ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ፤ በሦስተኛው ደነቆረ። ስቱኮ ነው። የመስታወቶቹን ጥግ አየ፤ ፋብሪካው የሚያትመው የዓመት ምልክት አለ፣ የሌሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን የፊተኛው የተለየ ነበር። የመቀመጫ ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ ጫፉ ላይ ከተሰፋችው ጨርቅ የምርት ቀኑን አነበበ። የኮፈኑ ማጠፊያ ብሎኖች ቀለማቸው በመፍቻ ተፍቋል። ጎማው ላይ በአራት አሃዝ የተጻፈ ቁጥር አለ፤ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተመረተ ማለት ነው፤ የእሷ ሁለቱ የፊት ጎማዎች ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ አሳየን። ጥርሱ አልቆ እንደ ሳንቲም ለስልሷል።

“ልጄ፣ ይህን ላስቲክ ስንት ጊዜ ብትረግጠው ነው እንዲህ የሚሆነው?” አለ። “ቁጥሩ ከጫማዋ ጋር አይስማማም።”

ኪሎ ሜትር ማስመለስ ዛሬ በላፕቶፕ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ፔዳል፣ መሪና የወንበር ጠርዝ ግን አይዋሹም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዋጋ አስቀንሶ መግዛት ይቻል ነበር፤ ግጭት ሁሉ ክፉ አይደለም። ያስጣለን ወረቀቱ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ አልነበረም። ከባለ ሊብሬው በውክልና ለሌላ፣ ከሌላው በውክልና ለዚህኛው ተላልፏል። ሰው ይህን የሚያደርገው የስም ማዞሪያ ወጪን ለመሸሽ ነው፤ ነገር ግን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ ያበቃል። ባለ ሊብሬው ዓርፎ ከሆነ ወራሾቹ መጥተው “የአባታችን መኪና” ቢሉ የሚመልስላቸው የለም።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገር፤ ልጁን የተከተልኩትም ለዚህ ነው። ከዓመታት በፊት የገዛሁት መኪና በሚገባ ይሄድ ነበር። ገንዘቡን ከፍዬ ስም ለማዞር ስሄድ ለብድር መያዣ ተይዟል ተባልኩ። ሻጩ “ረስቼው ነው” አለኝ። አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ መኪናውን ግቢ አቁሜ ላስቲኩ ሲሰነጠቅ አየሁ። ብድሩ በመጨረሻ ተከፍሎ ነጻ ወጣ፤ እኔ ግን በዚያ ዓመት የእናቴን ሕክምና በኮንትራት መኪና ነው ያመላለስኩት። ይህን ሳስበው ዛሬም ያመኛል፤ ግማሽ ቀን ሰጥቼ ፋይሉን ባይ ኖሮ አይደርስብኝም ነበር።

ያ ግማሽ ቀን እንዲህ ነው የሚውለው። መኪናው የተመዘገበበት የትራንስፖርት ቢሮ ሄዶ ፋይሉ ላይ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለ ማስጠየቅ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዐይን ማመሳከር፤ ቁጥሩ የተመታበት ብረት ተፍቆ ወይም ተበይዶ ከሆነ ወዲያው መተው። ቦሎው የዘንድሮ መሆኑን ማየት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የተንቀሳቃሽ ንብረት መያዣ የሚመዘገብበት ሥርዓት ስለዘረጋ እዚያም ማጣራት ይቻላል። በእኛ አካባቢ ደግሞ ለብቻው መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ለቱሪዝምና ለኢንቨስትመንት ተብለው ከቀረጥ ነጻ የገቡ የመስክ መኪኖች። እንግዳ ሲጠፋ ባለቤቶቹ መሸጥ ቢፈልጉ አይፈረድባቸውም፤ ነገር ግን ቀረጡ ሳይከፈል መብት ለሌለው ሰው ቢተላለፍ ዕዳው ከመኪናው ጋር ይሄዳል። “ርካሽ ነው” የተባለው ርካሽነት አንዳንዴ የጉምሩክ ዕዳ ነው። ገንዘብም ከውል ማረጋገጫው ጠረጴዛ በፊት ከኪስ መውጣት የለበትም፤ ቀብድም ቢሆን በጽሑፍ ይሁን።

ራቭ ፎሯን ትተን ወደ ደባርቅ ስንመለስ ልጁ መኪና ውስጥ አልተናገረም። ዳባት ስንደርስ ሜካኒኩ፣ “እዚህ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ፤ እያለፍን ሰላም እንበላቸው” አለ። እሱ አስቀድሞ አስቦበታል።

መምህሩ ቪታራቸውን ከግድግዳ ሥር በሸራ ሸፍነው አኑረዋታል። አረንጓዴዋ ፀሐይ በልቷት ገርጥታለች፣ የኋላ ፓራውልቷ ተሰንጥቆ በሽቦ ተሰፍቷል፣ ወንበሯ ላይ የተነጠፈው ቡልኮ ነው። የአክስቴ ልጅ ፊቱን አዞረ። ሜካኒኩ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፤ ቀዝቃዛ ነው። መምህሩ ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ ወዲያው ተነሳ። ከዚያ ከቤት አንድ ባለ መስመር ደብተር ይዘው ወጡ። ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ ኪሎ ሜትሩ፣ የተገዛው ፊልትሮ፣ የፍሬን ሸራ፣ የታደሰው ቦሎ፣ ሁሉም በዚያ በተማሪ ቤት እጅ ጽሑፍ ተከትቧል።

“ዐይኔ ነው እንጂ እሷ ምንም አልሆነችም” አሉ። “ማታ ማታ አላይም፤ ልጆቼም ከለከሉኝ።”

“የኔታ፣ ሊማሊሞን ብናስወርዳት ይፈቅዳሉ?” አለ ሜካኒኩ።

“ውሰዷት፤ በማርሽ ውረዱ እንጂ ፍሬን አታቃጥሉብኝ።”

ኮላውዶ ማለት አስፋልት ላይ አንድ ዙር መንዳት የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። በእኛ አገር ግን ከደባርቅ በስተሰሜን ገደሉን እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ የሚወርድ ፈተና አለን። ሊማሊሞን በአምስቱ ዓመት ወረራ የቆረጡት ጣሊያኖች ናቸው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ባሊስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ የምንለውም ከእነሱ የቀረ ነው፤ ያ መንገድና እነዚያ ቃላት በአንድ ዘመን ገብተው አብረው ቀርተዋል።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚከዳበት መንገድ ብዙ ሰው የሚያስበው ዓይነት አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። በስፋት የምንጠቀመው አዲስ ዘይት የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ወደ 140 ይወርዳል። ፍሬን ተረግጦ ለረጅም ጊዜ ሲወረድ ግለቱ ዘይቱን ያፈላዋል፣ አረፋ ይፈጠራል፣ ፔዳሉ ያለ ምንም መቋቋም ወለል ይነካል። ከዚያ በኋላ ያለው የገደል ነገር ነው። ስለዚህ ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን፣ ሌላ ምንም ሳያደርግ፣ የፍሬን ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ቢለውጥ ደስ ይለኛል።

ሜካኒኩ በሁለተኛ ማርሽ ወረደ፤ ሞተሩ ይዟት ቀረ። በየጥምዝምዙ መሪውን እስከ መጨረሻ ሲያዞር ከፊት ጎማዎች የሚሰማ ኳኳታ አለ ወይ ብሎ መስታወት አውርዶ ያዳምጣል። ትንሽ አለ፤ በግራ በኩል። ስንወጣ ዝቅተኛውን ማርሽ አስገባ፣ ከዚያ ቆሞ የማርሚታውን ጫፍ አየ። ሰማያዊ ጭስ የለም፤ ዘይት አትበላም። የሙቀት መለኪያው ከመሐል ንቅንቅ አላለም። የአክስቴ ልጅ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተጠግቶ፣ “ጋሼ፣ እኔ ልንዳት?” አለ። ከጎንደር ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነበር።

ማታ ዳባት ስንመልሳት ሜካኒኩ ከመምህሩ ቤት ባዶ ካርቶን ለመነና ዘርግቶ ከሥሯ አነጠፈው። “ይህ ያድርና ነገ ዋጋ እንነጋገራለን።”

በማለዳው ካርቶኑን ስቦ አወጣው። ከሞተሩ ትይዩ ንጹሕ ነው። ወደ መሐል ሁለት ጠብታ አለ። በጣቱ ነክቶ አሸተተው፤ የማርሽ ዘይት ነው፣ ከካምቢዮው የሚወርድ። ለመምህሩ አሳያቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው አዩትና፣ “ይህን እኔ አላወቅሁም፤ ጎማ ማሸጊያው ይሆናል፤ ከዋጋው ቀንሱ” አሉ። ለዚያና ለፊተኛው ግራ መገጣጠሚያ የሚሆነውን ቀነስን። ፋይሏን አይተን ንጹሕ ሆኖ ስናገኘው ውሉ ተፈረመ፤ ስሙም በዚያው ሳምንት ዞረ። ቀሪ ገንዘብ ነበረው፤ አራት ጎማ፣ የፍሬን ዘይትና አዲስ የራዲያተር ክዳን ገዛበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለቤቱ ከመካነ ብርሃን ደወለችልኝ። ቧሂትን በዝቅተኛ ማርሽ፣ ቀስ ብሎ፣ አንድም ቦታ ሳይቆም ተሻግሮ ደርሷል። “አሁን ምን እያደረገ ነው?” አልኳት።

“ውጭ ነው” አለች። “ከመኪናው ሥር ካርቶን እያነጠፈ።”